ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚለው ጠርሙስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን ጥያቄዎች ስናገላብጥ አብዛኞቹ አንድ ፈሳሽ ላይ አረፉ፤ ሽቶ ቀማሚዎች ፊናይል ኢታይል አልኮል፣ ሲያሳጥሩት ደግሞ ፒኢኤ የሚሉት። ቀለም የለውም፣ እንደ ውሃ የጠራ ነው፣ ክዳኑ ሲነሳ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል። ሳሙና ሠሪው፣ አበባ ቀቃይዋ፣ ጠጅ ጣይዋና ሽቶ ነጋዴው በየፊናቸው ስለጠየቁት የዚህን እትም ገጽ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ (ሳሙና ሠሪ፣ ኮምቦልቻ)፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። «ንጹሕ የጽጌረዳ ዘይት ነው» ተብዬ ግማሽ ሊትር ገዛሁ። ጠርሙሱ ላይ ግን «ፒኢኤ» የሚል ተለጥፎበታል። ስከፍተው ሽታው ለስለስ ያለ ነው፣ እንዳሰብኩት ቤቱን አላወደውም። ተታለልኩ እንዴ? ሳሙና ውስጥ ብጨምረውስ ይይዛል?

መልስ፦ በስሙ ተታለዋል፣ በዕቃው ግን ምናልባት አልተታለሉም። የጽጌረዳ ዘይትና ፒኢኤ ለየቅል ናቸው። አንድ ኪሎ እውነተኛ ዘይት ለማውጣት ከ3,000 እስከ 4,000 ኪሎ የአበባ ቅጠል ይፈጃል። በእጅዎ ያለው ግማሽ ሊትር እውነተኛው ዘይት ቢሆን ኖሮ 15 ኩንታል ያህል አበባ ተቀቅሎለታል ማለት ነው፤ ያን የሚያህል ነገር ደግሞ በተራ ጠርሙስ ተቀድቶ አይሸጥም። ፒኢኤ ከነዳጅ ተዋጽኦዎች፣ ለምሳሌ ስታይሪን ኦክሳይድን በሃይድሮጅን በማከም፣ በፋብሪካ በብዛት ስለሚሠራ ርካሽ ነው። ርካሽ መሆኑ ግን ሐሰተኛ አያደርገውም። አበባው ውስጥ ያለው ሞለኪውልና ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ናቸው።

ንጹሕ መሆኑን እቤትዎ ሆነው መፈተሽ ይችላሉ። በጠራ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድተው ሁለት ሦስት ጠብታ ቀስ ብለው ጣል ያድርጉበት። ፒኢኤ ከውሃ በጥቂቱ ይከብዳል፤ በ20 ዲግሪ አንድ ሚሊ ሊትሩ 1.02 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ጠብታው ድቡልቡል እንዳለ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ላይ ተንሳፍፎ ክብ ቅባት ከሠራ ዘይት ገብቶበታል። ቀጥሎ 1 ሚሊ ሊትር በመርፌ ለክተው 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ይጨምሩና ክዳን ባለው ጠርሙስ ለሁለት ደቂቃ በደንብ ይወዝውዙት። ንጹሕ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ውሃውም ጥርት ይላል። ከነጣ ወይም ከደፈረሰ ሌላ ነገር ተደባልቆበታል። ይህ ፈተና ሁሉንም ማጭበርበር አይዝም፤ ውሃ የሚያሟሟው ማቅጠኛ ከተጨመረበት እሱም ጥርት ብሎ ስለሚሟሟ ሳይታወቅ ያልፋል። ሦስተኛው ፈተና ደሴ ላሉ ዘመዶችዎ የሚመች ነው፤ የእውነተኛ ጽጌረዳ ዘይት ከ20 ዲግሪ ወረድ ሲል ውስጡ ያለው ሰም መርጋት ይጀምራል፣ በጥቅምት ሌሊት መስኮት ላይ ቢያድር ነጫጭ ቅንጣት ይታይበታል። ፒኢኤ ግን ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ካልደረሰ አይረጋም።

ስለ ሽታው መለስለስ፣ ጠባዩ ነው። ፒኢኤ ቶሎ አይተንም (የሚፈላው በ220 ዲግሪ ገደማ ነው)፣ አፍንጫም ቶሎ ይለምደዋል። ጠርሙሱ ላይ አፍንጫዎን ደፍተው አምስት ጊዜ ከሳቡ በስድስተኛው ምንም አይሸትዎትም። ወረቀት ጫፍ ላይ ነክረው ይዘውት ይውጡ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያሽትቱት፤ ያኔ ይፍረዱ።

ወደ ሳሙናው እንምጣ። እዚህ ላይ ፒኢኤ ወርቅ ነው። ኮስቲክ ሶዳ አይሰብረውም፣ ሳሙናውንም አያጠቁረውም። ለ1 ኪሎ ዘይት ወይም ሞራ ከ25 እስከ 30 ግራም ጠቅላላ ሽታ ይበቃል። ቀዝቃዛ አሠራር ከሆነ ዘይቱና ሶዳው ተዋህዶ እንደ አጥሚት ጠንከር ሲል፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይጨምሩ። ሳሙናውን አፍልተው በጨው የሚለዩት ከሆነ ግን ከመለየቱ በፊት አይጨምሩ፤ ፒኢኤ ውሃ ስለሚወድ ከፊሉ ከሚደፋው ጥቁር ውሃ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ውሃው ተጣርቶ ካለቀ በኋላ፣ ሳሙናው ገና ለስላሳ ሳለ ያዋህዱት።

ሁለት ጥፋቶች በብዛት ያጋጥማሉ። አንደኛው የተዘጋጀ «የጽጌረዳ ሽታ» ገዝቶ ሳሙና ውስጥ መጨመር ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ፊናይል ኢታይል አሴቴትና ጄራኒል አሴቴት ይኖርበታል፤ አሴቴቶችን ሶዳ ይበላቸዋል፣ ሽታውም በሳምንት ውስጥ ይቀየራል። ሁለተኛው የቅርንፉድ ዘይት ማብዛት ነው። ውስጡ ያለው ዩጂኖል ድብልቁን በደቂቃዎች ውስጥ ያደድረዋል፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሳይገባ እማሰሮው ውስጥ ይቀርልዎታል፣ ቀለሙም ቡናማ ይሆናል።

ጥያቄ (ሆጤ፣ ደሴ)፦ ግቢዬ ካሉት ጽጌረዳዎች 2 ኪሎ ያህል ቅጠል ለቅሜ በአረቄ ማውጫ ቀቀልኩት። ጠብ ጠብ ያለው ውሃ ሽታው ልብ ይሰርቃል፣ ዘይት ግን ጠብታ አላየሁም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። ዘይቱ ድሮም የለም ማለት ይቻላል። በቡልጋሪያው የካዛንላክ ሸለቆ ለዘይት ተብሎ ከሚተከለው የደማስቆ ጽጌረዳ እንኳ ከ2 ኪሎ ቅጠል የሚወጣው ከ1 ግራም በታች ነው፤ አሥራ አምስት ሃያ ጠብታ። ያ ደግሞ ቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ለዓይን ተብለው የተዳቀሉ የግቢ ጽጌረዳዎች ከዚያም ያነሰ ይሰጣሉ።

ልብ የሰረቀዎት ሽታ ግን በአብዛኛው ፒኢኤ ነው። አንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም ያህል ፒኢኤ ማሟሟት ይችላል። ስለዚህ ከእንፋሎቱ ጋር የወጣው ፒኢኤ ዘይቱ ጋር መንሳፈፉን ትቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በእንፋሎት በሚወጣው የጽጌረዳ ዘይት ውስጥ ፒኢኤ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ያው አበባ በማሟሟቻ ኬሚካል ሲጨመቅ ግን ከሚገኘው ውስጥ ከግማሽ በላዩ ፒኢኤ ይሆናል። ልዩነቱ ሁሉ የሄደው ወደ ውሃው ነው። እንግዲህ የእርስዎ ምርት ዘይቱ ሳይሆን የጽጌረዳ ውሃው ነው ብለው ይነሱ፣ አሠራሩንም ለዚያ ያመቻቹ።

አበባውን ጠል ሳይደርቅ፣ ፀሐይ ወጥታ ግቢዎን ሳታሞቀው ይልቀሙ። ረፋድ ላይ የተለቀመ አበባ መዓዛውን ለአየር አስረክቦ ነው የሚመጣው። የዛሬውን ዛሬ ይቀቅሉ፤ ከረጢት ውስጥ ያደረ ቅጠል ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣ ሽታውም ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። ለ1 ኪሎ ቅጠል 4 ሊትር ውሃ ያድርጉ፣ ማሰሮው ከሁለት ሦስተኛ በላይ እንዳይሞላ፤ ቅጠሉ አረፋ አድርጎ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ከሥር የተበሳሳ ሳህን ወይም ወንፊት ቢጤ ካልተደረገ ቅጠሉ ታች ይዘቅጥና ያራል። አንዴ ካረረ ጭስ የነካው ውሃ ነው የሚያገኙት፣ መፍትሔ የለውም።

አፉን በሊጥ ያሽጉ፤ እዚህ ላይ የአረቄ ሞያ ይበቃዎታል። እሳቱ ግን የአረቄ አይሁን፣ ለዘብ ይበል። የሚወርደው ውሃ በቀጭን ክር መምጣት አለበት። እንፋሎት እየተፋ ከወጣ ማቀዝቀዣው አልቻለም ማለት ነውና እሳቱን ይቀንሱ። ማቀዝቀዣ ውሃውን በእጅዎ እየነኩ ሞቅ ባለ ቁጥር ይለውጡት። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት እንፋሎቱ ከባድ ሽታዎችን ይዞ የመውጣት አቅሙ ቆላ ካለው ትንሽ ያንሳል፤ ስለዚህ ሌላው በአንድ ሰዓት ተኩል የሚጨርሰውን እርስዎ ሁለት ሰዓት ያህል ይስጡት።

ከ1 ኪሎ ቅጠል 1 ሊትር ውሃ ሲሞላልዎት ያቁሙ። ይህን ማለፍ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ጽጌረዳነቱ እየሳሳ የተቀቀለ ጎመን ወደ መሽተት ይሄዳል፣ ከፊተኛው ጋር ከተቀላቀለ ሁሉንም ያወርደዋል። ማቆሚያውን በአፍንጫዎ ለመያዝ በየአሥር ደቂቃው መቀበያ ጠርሙስ ይቀይሩ። ጠንካራ ውሃ ከፈለጉ የሦስት አራት ቀን ምርትዎን አጠራቅመው እንደገና ይቀቅሉና መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ አምስተኛ ብቻ ይውሰዱ። ባለሙያዎቹ ቡልጋሮችም በውሃው ውስጥ የቀረውን ዘይት የሚለቅሙት እንደዚሁ ደግመው በመቀቀል ነው።

ስለ ዕቃው፦ አረቄ ሲወጣበት የኖረ የሸክላ ዕቃ ጌሾውን አይረሳም፤ በውሃ ብቻ ሦስት ጊዜ ቢቀቅሉበትም ይሸታል። ለአበባ የሚሆን የማይዝግ ብረት ወይም መዳብ ለብቻው ይኑርዎት፣ ቱቦው በእርሳስ የተበየደ እንዳይሆን ብቻ። የደረሰውን ውሃ በተቀቀለ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት። ፒኢኤ ባክቴሪያን የሚያዳክም ጠባይ አለው፣ ነገር ግን በጽጌረዳ ውሃ ውስጥ ያለው መጠን ብቻውን ከሻጋታ አያድንም። ውስጡ የጥጥ ክር የመሰለ ነገር ሲንሳፈፍ ካዩ ይድፉት፤ ማጥለል አያድነውም።

ጥያቄ (ኩታበር መንገድ)፦ ቀጋ በአጥር ሁሉ ሞልቷል። ከእሱ ማውጣት አይቻልም? ከአበባ እርሻ የሚወጣውስ?

መልስ፦ ቀጋ የአገራችን ጽጌረዳ ነው፣ ነጭ አበባውም መዓዛ አለው። ግን አምስት ስስ ቅጠል ብቻ ስላለው አንድ ኪሎ ለመሙላት ስንት ቁጥቋጦ፣ ስንት እሾህ! ለሙከራ ግማሽ ኪሎ ከሞሉ ከላይ ባልነው መንገድ ለውሃው ብለው ይሥሩት። ከአበባ እርሻ የሚወጣው ግን ይቅርብዎት። ያ አበባ የተዳቀለው ረጅም አገዳ እንዲኖረውና ሳይጠወልግ ባሕር እንዲሻገር ነው፣ መዓዛው በመንገድ ቀርቷል፤ የተባይ መድኃኒትም ይረጭበታል፣ እሱን ቀቅሎ ፊት ላይ መቀባት አይሆንም።

ጥያቄ (ሽቶ ነጋዴ፣ ፒያሳ፣ ደሴ)፦ ፒኢኤን በአልኮል አቅጥኜ ብሸጠው ሰው «ሳሙና ይመስላል» ይለኛል። የጽጌረዳ ሽቶ ለመምሰል ምን ይጎድለዋል? ልክ ልኩን ንገሩኝ። አረቄ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ጓደኛ ይጎድለዋል። ፒኢኤ የጽጌረዳ ሥጋ ነው እንበል፤ ልስላሴና ውፍረት ይሰጣል፣ ብርሃን ግን የለውም። ብርሃኑን የሚሰጡት ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል የሚባሉት የሽቶ ቅመሞች ናቸው። አበባው ላይ ቅጠልና ጠል እንዳለ የሚያስመስለው ደግሞ ሮዝ ኦክሳይድ ነው፤ በቡልጋሪያ ጽጌረዳ ዘይት ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፣ መጠኑ እጅግ ጥቂት፣ ጉልበቱ ግን ከባድ።

ለመጀመሪያ ሙከራ 20 ግራም ያዘጋጁ። በወርቅ ሚዛን ይመዝኑ እንጂ በጠብታ አይቁጠሩ፤ ጠብታ እንደ ፈሳሹ ውፍረት ይለያያል። ፒኢኤ 10 ግራም፣ ሲትሮኔሎል 5 ግራም፣ ጄራኒዮል 3.6 ግራም፣ የጄራኒየም ዘይት 1 ግራም፣ ዩጂኖል 0.2 ግራም፣ በአልኮል ወደ 10 በመቶ የቀጠነ ሮዝ ኦክሳይድ 0.2 ግራም። ዩጂኖል ከሌለ ጥሩ የቅርንፉድ ዘይት በዚያው ልክ ይተካዋል። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ከበዙ ነገር ይበላሻል፤ ዩጂኖሉ የጥርስ ሐኪም ክፍል ያስመስለዋል፣ ሮዝ ኦክሳይዱ ደግሞ ብረት ብረት ይላል። ድብልቁን በተከደነ ጠርሙስ ለሦስት ቀን ያሳድሩት፣ ከዚያ ብቻ ያሽትቱት።

ለሽያጭ የሚሆነው ከዚህ 15 ግራም፣ 96 በመቶ ኢታኖል 80 ግራም፣ የተጣራ ውሃ 5 ግራም ነው። ሽታው መጀመሪያ አልኮሉ ውስጥ ይግባ፣ ውሃው መጨረሻ፣ በጠብታ፣ እየተነቀነቀ። ጨለማ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር፣ በማጥለያ ወረቀት ይጣራ።

አረቄ አይሆንም። ዳግም አረቄም ቢሆን ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ፒኢኤ ብቻውን ቢሆን ይሟሟበት ነበር፤ ጄራኒዮልና ሲትሮኔሎል ግን በዚያን ያህል ውሃ ውስጥ መሟሟት ስለማይችሉ ድብልቁ ወተት ይመስላል፣ የጌሾው ሽታም ከጽጌረዳው ቀድሞ ይወጣል። ከዚያ የባሰው ምንነቱ ያልታወቀ ለማንደጃ የሚሸጥ ስፒርቶ ነው። ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፤ ሜታኖል በትንፋሽም በቆዳም ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል። ሻጩ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ካላሳየዎት አይግዙ።

የጄራኒዮል ጠርሙስዎን ደግሞ ይጠብቁ። አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ ሎሚ ሎሚ ማለት ከጀመረ አርጅቷል፣ ያረጀው ደግሞ ቆዳ ማሳከክ ይወዳል። ትልቅ ጠርሙስ እያጎደሉ ከመጠቀም ትናንሽ ጠርሙሶች ሞልቶ ማስቀመጥ ይሻላል። የአውሮፓ ሕግ ጄራኒዮልን፣ ሲትሮኔሎልንና ዩጂኖልን አለርጂ ሊያስነሱ ይችላሉ ብሎ በማሸጊያው ላይ ስማቸው እንዲጻፍ ያስገድዳል። ሕጉ ቀድሞ በዘረዘራቸው 26 የሽታ ቅመሞች ውስጥ ፒኢኤ የለም። ቢሆንም አዲስ ቅመም በሠሩ ቁጥር ክርን ጉያ ላይ ትንሽ ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ።

ጥያቄ (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)፦ አሰላሙ ዓለይኩም። አልኮል የሌለበት ሽቶ ነው የምንሸጠው። ይህ ፒኢኤ የሚባለው ስሙ ራሱ አልኮል ነው። ለሶላት ለሚወጣ ሰው መሸጥ ይቻላል?

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። ብያኔውን ከዓሊሞች ይጠይቁ፤ እኛ ጥያቄውን ይዘው ሲሄዱ የሚያስፈልግዎትን እውነታ እንሰጥዎታለን። በኬሚስትሪ «አልኮል» የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም ነው። ፊት ላይ የምንቀባው ግሊሰሪን፣ የከረሜላው ሜንቶል፣ ክሬም ውስጥ ያለው ሴታይል አልኮል ሁሉ የዚያ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የሚያሰክረው ኢታኖል የሚባለው ወንድማቸው ነው፣ ፒኢኤ እሱ አይደለም። አንድ የሚያስገርም ነገር ግን አለ፤ ተራው ፒኢኤ ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራ ሲሆን፣ «የተፈጥሮ» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በእርሾ ፍላት የሚመረት ነው። ይህ ለጠያቂው ለውጥ ካለው የትኛው እንደሆነ ከአቅራቢው አስቀድመው ያጣሩ።

ለማቅጠን በኢታኖል ፋንታ ዳይፕሮፓይሊን ግላይኮል ወይም አይሶፕሮፓይል ማይሪስቴት ይጠቀሙ፤ ሁለቱም ሽታ የላቸውም። ቅመሙን ከ20 እስከ 25 በመቶ ያድርጉት። በዘይት የተሠራ ሽቶ ወዲያው አይፈነዳም፣ ቆዳው እየሞቀ ሲሄድ ነው የሚወጣው። ነጭ ጀለቢያ ላይ እንዳይነካ ለገዢው ይንገሩ፣ ቅባት ያሳርፋል።

ጥያቄ (ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)፦ ጠጅ እጥላለሁ። አንዳንዱ ጠመቃ ጽጌረዳ ይሸታል። ደንበኞቼ «ሽቶ ጨምረሽበታል» እያሉ ያሙኛል። ከየት መጣ?

መልስ፦ ሐሜቱ ላይ ይስቁበት፣ ሽቶ ያደረገው እርሾዎ ነው። እርሾ ፊናይል አላኒን የሚባለውን የፕሮቲን ቅንጣት ሲጠቀም የሚተርፈውን ወደ ፒኢኤ ይለውጠዋል። መንገዱን ጀርመናዊው ኬሚስት ፌሊክስ ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1907 ገልጾታል። በቢራና በወይን ጠጅም አለ፤ በሊትር አሥር ሃያ ሚሊግራም ሲሆን አይታወቅም፣ መቶውን ሲሻገር ይሸታል። ፍላቱ ሞቅ ያለ ቦታ ሲሆን፣ የእርሾውም ዓይነት ሲለወጥ መጠኑ ይጨምራል። እንዲቀንስ ከፈለጉ ጋኑን ከምድጃ ያርቁት፣ ሙቀቱ ቀንና ሌሊት ብዙ እንዳይለያይ ያድርጉ፣ ጥሩ ከወጣልዎት ጠመቃ አተላ ወስደው ለሚቀጥለው መነሻ ያድርጉት። ጽጌረዳው ጉዳት የለውም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ወደ ኮምጣጤ መሄጃ መንገድ ላይ ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ አንዱን ሽቶ እዚህ ስቀባው ቢሮውን ይሞላዋል። ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ስደርስ የቀባሁም አልመስል። ለምን?

መልስ፦ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስተው በ25 ኪሎ ሜትር ጉዞ 2,500 ሜትር ደርሰዋል፤ ብርዱ ነው። ፒኢኤን የመሰለ ከባድ ሽታ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲወርድ የመትነን አቅሙ ከግማሽ በታች ይሆናል። ደሴ ላይ ጋቢና ኮት ላይ መርጨት ገንዘብ መድፋት ነው፤ አንገት ሥርና የእጅ አንጓ ላይ፣ ልብስ ሸፍኖ በሚያሞቀው ቆዳ ላይ ይቀቡት። ለደሴ ገበያ የሚቀምሙ ሰዎች ጄራኒየሙንና ሲትሮኔሎሉን ከፍ ያድርጉ፣ ለኮምቦልቻ ደግሞ በአልኮሉ ውስጥ ያለውን ሽታ ከ15 በመቶ ወደ 10 ቢያወርዱት ራስ አያዞርም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ቫዝሊን ውስጥ ጨመርኩት። በሳምንቱ ከሥር ውሃ የመሰለ ጠብታ አቀረረ።

መልስ፦ ውሃ አይደለም፣ ራሱ ፒኢኤው ነው። በአትክልት ዘይት ውስጥ ደህና ይሟሟል፤ ከነዳጅ በሚወጣ ቅባት፣ ማለትም በቫዝሊንና በፓራፊን ዘይት ውስጥ ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚሟሟው፣ ትርፉ ተለይቶ ይወርዳል። 2.5 ግራም ፒኢኤ በ50 ግራም ሰሊጥ ዘይት ያሟሙ፤ 450 ግራም ቫዝሊን በሙቅ ውሃ ላይ አቅልጠው እጅ የሚችለው ሙቀት ሲደርስ ያዋህዱት፣ እስኪረጋ ያማስሉት። ከዚህ አያስበልጡ። ያልቀጠነ ፒኢኤ ዓይን ስለሚያቃጥል ሕፃናት ባሉበት ቤት ጠርሙሱ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ለጠጉር ቅቤ ብለው የጠየቁንም አሉ፤ ይሟሟል፣ ግን ቅቤው ያሸንፈዋል። ለቅቤ አደስ እያለ ምን አደከመዎት?

ጥያቄ (ደሴ)፦ ከከባድ ጉንፋን በኋላ ማሽተት አቃተኝ። በጽጌረዳ ሽታ ልምምድ ይደረጋል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ በጀርመን ድሬስደን ያወጡት ጥናት ነው መነሻው። የተጠቀሙት አራት ሽታ ነበር፦ ጽጌረዳ (ይኸው ፒኢኤ)፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። ልምምዱ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት ይደረግ ነበር። ሽታ ለመለካትም ፒኢኤ ይመረጣል፤ አሞኒያና ሜንቶል አፍንጫን ስለሚወጉ ማሽተት ያቃተውም ሰው «ይሰማኛል» ይላል፣ ፒኢኤ ግን አይወጋም፣ ከተሰማዎት አሽትተውታል ማለት ነው።

ለቤት አሠራር አራት ባለ ክዳን ትናንሽ ጠርሙሶች ውስጥ ጥጥ ያድርጉ፣ በእያንዳንዱ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ሽታ ያፍስሱ፣ ስሙን ይጻፉበት። አንዱን ለ10 ሰከንድ ያህል ቀስ ብለው እየሳቡ ያሽትቱ፣ ትንሽ አርፈው ወደ ሌላው ይለፉ። ጥጡ ሲደክም ይቀይሩት። አብዛኛው ሰው በሦስተኛው ሳምንት «አልረዳኝም» ብሎ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ነው መተው የሌለበት። ማሽተቱ የጠፋው በአንድ አፍንጫ ብቻ ከሆነ፣ ወይም የራስ ምታትና ደም ካለው ልምምዱን ትተው አስቀድመው የአፍንጫ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ (አራዳ፣ ደሴ)፦ ለቡና ሥርዓት ከሰል ላይ ባንጠባጥበውስ?

መልስ፦ ይቃጠላል፣ የሚሸትዎትም ላስቲክ ይሆናል። ዕጣኑ በከሰሉ ላይ ይጭስ። ፒኢኤውን ግን ሦስት አራት ጠብታ በሞቀ ውሃ ላይ በሲኒ አድርገው ረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጡት፤ እስከ ሦስተኛው ስኒ ያደርስዎታል።